ተጭኖ የሚጽፍ እጅ

እናቴ ሌላ ልጅ እንዳላት የደረስኩበት ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው። የነገረኝ ሰው የለም። በገዛ ዓይኔ አይቼ፣ በገዛ ጣቴ ዳስሼ ነው ያረጋገጥኩት።

የምንኖረው እሷና እኔ ብቻ ነበር፤ አንዲት ክፍል ውስጥ። አባቴ የሞተው እኔ ገና ሳልድህ ስለሆነ ፊቱን የማውቀው በፎቶ ነው። እናቴ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጥታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ከልብሷ የሳሙናና የሞቀ ጨርቅ ሽታ ይወጣል። ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍር ነበር። በአውራ ጣቷ ሥር ካውያ የላሳት ቦታ አለ፤ ቆዳው ለስልሶ ያብለጨልጫል። ልጅ ሆኜ እሱን ቦታ እያሻሸሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

በዚያን ጊዜ እኔ የምመካበት አንድ ነገር ቢኖር ጽሕፈቴ ነው። ሒሳብ ላይ ድንጋይ ነበርኩ፤ ዘፈን ላይ ደግሞ አስተማሪያችን "አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" ብላኝ ታውቃለች። ጽሕፈት ላይ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። አስተማሪያችን ደብተሬን ከፍ አድርጋ "እዩ፣ ጽሕፈት ማለት ይሄ ነው" ስትል ጆሮዬ እስኪግል ደስ ይለኛል። እንዲህ የምትደሰትበትን ነገር ሰው ለእናቱ ማሳየት ይፈልጋል።

እናቴም አላይም አትልም። ማታ ማታ እጇን ታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ፣ "በይ ደብተርሽን አምጪ" ትለኛለች። ከጎኔ ተቀምጣ ገጹን በቀስታ ትገልጣለች፤ ጣቷን በእያንዳንዱ መስመር ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ታስኬዳለች። ሲያልቅ "ጎበዝ" ትለኛለች። ችግሩ ሁሉም ላይ "ጎበዝ" ማለቷ ነው። አንድ ቀን ከአሥር ሁለት ያገኘሁበትን፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰነጣጠቀውን የሒሳብ ገጽ ሆን ብዬ ከፈትኩላት። ጣቷን አስኬደች፣ አስኬደች፣ "ጎበዝ" አለችኝ። ግድ የላትም ማለት ነው ብዬ ያን ዕለት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ደግሞ የአጎቴ ደብዳቤ አለ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይጽፍልናል። እናቴ ፖስታውን በጥንቃቄ ትቀድና ወረቀቱን ለእኔ ትሰጠኛለች። "የእንፋሎቱ ነገር ዓይኔን አድክሞታል፤ አንቺ አንብቢልኝ። ምላስሽም ይፍታታ" ትለኛለች። አነብላታለሁ። መልሱንም እሷ እየነገረችኝ እኔ እጽፋለሁ። የሠፈር ልጆች እናታቸው ስትልካቸው ያጉረመርማሉ፤ እኔ ግን ለእናቴ ከምሠራላት ሁሉ ይህን ያህል የምወደው አልነበረኝም። ደብዳቤ የመጣ ዕለት የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ።

ደብተሩን ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ነው። እናቴ ውጪ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እኔ መርፌ ፈልጌ ከአልጋው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈትኩ። ከአባቴ ፎቶ ሥር፣ ነጭ መሐረብ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ምላጭ እስኪመስል ተተኩሷል። ውስጡ አንድ ቀጭን ደብተር።

ከፈትኩት። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ጽሕፈት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ዶሮ የጫረው አፈር ይሻላል። "በ" አንድ እግሯ አጥሮ አንድ እግሯ ረዝሞ ታነክሳለች፤ "ለ" ልትወድቅ ዘማለች፤ አንዱ ፊደል እንደ ጡጫ ሲተልቅ ቀጥሎ ያለው ፍርሃት የያዘው ይመስል ኩርምት ብሏል። እርሳሱ በጣም ከመጫኑ የተነሣ ገጹን ገልብጬ በጣቴ ስዳስሰው ፊደሎቹ በጀርባው ቋጠሮ ሆነው ይታወቁኛል። አንዳንዱ ቦታ ተቀዶ አልፏል። የመጨረሻው ገጽ አናት ላይ ሌላ ሰው፣ እጁ የተባረከ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፏል፦ "ልጄ ጎበዝ ናት።" ከሥሩ ያቺ ዶሮ ያንኑ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ገልብጣዋለች። ልጄ ጎበዝ ናት። ልጄ ጎበዝ ናት።

የእኔ ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ዘይት ይፈስባቸዋል፤ ድስት ይቀመጥባቸዋል። ይሄ ቅርሻት ግን በተተኮሰ መሐረብ ተጠቅልሎ ከአባቴ ፎቶ ጋር ይኖራል።

ያማረውን እጅ ወዲያው ለየሁት። የሠፈራችን መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጫማ ሰፊ፣ የሁሉም ሰሌዳ በዚያ እጅ የተጻፈ ነው። የ"ት"ን አናት እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ቀለስ የሚያደርጋት እሱ ብቻ ነው። ሰሌዳ ጸሐፊው፣ እኛ ልጆች ጋሼ ብሩሽ የምንላቸው፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። ሚስታቸው ሞታለች። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ በሰውነቷ ማነስ ሁሉም ሚጢ ይላታል። አንደኛ ክፍል ናት፤ እኛው ትምህርት ቤት። ፊደል የምትለማመድ፣ እናት የሌላት፣ የጋሼ ብሩሽ ልጅ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

እናቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ታመሽ ነበር። ስጠይቃት "ሥራ በዛ" ትለኛለች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ከፀጉር ቤቱ በር አጠገብ ካለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጀርባ ቆምኩ። እናቴ መጣች። ግራና ቀኝ አየች። ሰው እንደዚያ ግራና ቀኝ የሚያየው ሲሰርቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ብሩሽ ሱቅ ገባች፤ እሳቸውም የቆርቆሮውን መዝጊያ እስከ ግማሽ ሳብ አደረጉት።

ተጎንብሼ ከመዝጊያው ሥር አየሁ። የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። የእናቴ ጥቁር ጫማ፤ ተረከዙን አወላልቃ እግሯን አሳርፋዋለች። ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቀለም የተንጠባጠበበት የጋሼ ብሩሽ ጫማ። ከእናቴ ጎን ደግሞ መሬት የማይደርሱ፣ የሚወዛወዙ ሁለት ትንንሽ እግሮች። ከዚያ እናቴ ሳቀች። እኛ ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው፣ የልጅ ሳቅ።

ዛሬ ያን ሳቅ ምን እንዳመጣው አውቃለሁ። "ሸ"ን አይታ ባርኔጣዋን ረስታ "ሰ" ብላ ማንበቧን ሚጢ አርማት ነው። የዚያን ቀን ግን የእኔ ቦታ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ብቻ ነው ያየሁት።

በዚያው ሰሞን ቁልፍ ሰፊዋ እኛ ቤት መጣች። ከእናቴ ጋር የምትሠራ፣ በእንግዶች ልብስ ላይ የጎደለ ቁልፍ የምትተክል፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። እኔ ወለሉ ላይ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር።

"እንዴት ሆነች ያቺ ተማሪሽ?" አለቻት፤ ልጅ እንዳለ ለማስታወስ በዓይኗ ወደ እኔ እያመለከተች።

"ትንሽ ትንሽ ይዟታል" አለች እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ አለ። "ጭንቅላቷስ ደህና ነው። እጇ ነው አልታዘዝ ያለው።"

"ለወሩ መጨረሻ ትደርሳለች?"

"መምህሯ ትደርሳለች ይላል። እኔ ነኝ የምፈራላት።"

"አትፍሪላት። ያቺን ልጅ እኔ አውቃታለሁ፤ የያዘችውን አትለቅም" አለችና ሁለቱ ተያይተው ሳቁ።

የእናቴን ተማሪ ቁልፍ ሰፊዋ እንኳ ታውቃታለች። እኔ ብቻ ነኝ ያልተነገረኝ። እርሳሴን ነክሼ ቆረጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ሚጢን ወዳጅ አደረግኋት። ወድጄ አይደለም። በእረፍት ሰዓት ላጲስ ሰጠኋት፤ በቀጣዩ ቀን ማስቲካ። ደብተሯንም አሳየችኝ። የሚጢ ጽሕፈት ወፍራምና ልቅ ነበር፤ "መ"ዋ ሁለት እንቁላል ጎን ለጎን፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሳይነካ የሚያልፍ ይመስላል። ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድም አይመሳሰልም። ይሄን ልብ ሳልል ቀርቼ አይደለም። ግን ቅናት የያዘው ሰው መልስ አያጣም፤ "ለአስተማሪዋ እየሮጠች ትጽፋለች፤ ለእናቴ ስትሆን ግን ተጠንቅቃ፣ ተጭና ትጽፋለች" አልኩ።

"እናቴ እናንተ ጋ ምን ታደርጋለች?" አልኳት።

"አባዬ እንዳልናገር ብሎኛል።"

"ሌላ ማስቲካ እሰጥሻለሁ።"

አሰበችበት። "አብረን እናነባለን" አለች። "እኔ እቀድማታለሁ።"

ከእኔ ጋር እናቴ አንድም ቀን አንብባ አታውቅም። ከእሷ ጋር ታነባለች፤ ያውም ሆን ብላ እየተሸነፈችላት። ማስቲካውን ሳልሰጣት ሄድኩ።

ግን እውነቱን ለመናገር እነዚያ እንቁላሎች አላስተኙኝም። እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። ከሳጥኑ ደብተር መካከል የአንዱን ገጽ ጥግ ቀድጄ፣ ሦስት ቃል ብቻ ያለበትን፣ ጋሼ ብሩሽ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ሱቃቸው የቀለምና የጋዝ ሽታ ነበረው። አንድ ሰሌዳ ላይ ጎንበስ ብለው "ዳቦ" የሚለውን ቃል "ቦ" እየቀቡ ነበር። እጃቸው ሲሄድ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ብሩሹ ሲነሣ ይተነፍሳሉ።

"ጋሼ፣ የሰውን ጽሕፈት አይተው የማን እንደሆነ ያውቃሉ ይባላል። እውነት ነው?"

"የማውቀው ሰው ከሆነ አዎ" አሉ። "ጽሕፈት እንደ አረማመድ ነው የኔ ልጅ። አባትሽ ሩቅ መንገድ ላይ ሲመጣ ፊቱ ሳይታይ በአረማመዱ ትለይው የለም?"

"አባቴ የለም።"

"ይቅርታ" አሉና ብሩሹን አስቀመጡ። "እናትሽን እንበል።"

ቁራጩን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አሉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ልክ እኔ እንዳደረግሁት።

"የማን ነው?" አልኳቸው።

"ይሄ እጅ ይጫናል" አሉ በዝግታ። "ሲጽፍ ወረቀቱን የሚያስተካክለው ይመስለዋል። ለስላሳ ነገር ይዞ አያውቅም፤ ከባድ ነገር መግፋት የለመደ እጅ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። አየሽ፣ እርሳሱን መስመሩ ጫፍ ሳያደርስ አያነሣም።" ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ነገር እንድረዳ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። "ይሄ እጅ ፈርቷል፤ ግን አይመለስም። እኔ ይሄን እጅ አከብረዋለሁ።"

ዛሬ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሰሌዳ ላይ አንድ "ሀ" እጽፋለሁ፤ አርባ ልጅ ያንኑ አይቶ አርባ ዓይነት "ሀ" ይጽፍልኛል። ወንድሟን በጀርባዋ የምታዝል ልጅ አንገቷን ያቀረቀረች "ሀ" ትጽፋለች፤ ኳስ የሚወደው ልጅ የጻፋት "ሀ" ተጠልዛ ከመስመር ትወጣለች። ጋሼ ብሩሽ ካውያ ብለው መንገር ብቻ ነበር የቀራቸው። ሌላው ሁሉ ተነግሮኛል። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባት ስለ ልጁ ሲኮራ።

"የማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም" አልኩ።

"የሰው እጅ የሰው ምስጢር ነው" አሉ። "ከነበረበት መልሺው። ባለቤቱ ሲፈልግ ራሱ ይነግርሻል።"

በሚቀጥለው ሰኞ የአጎቴ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ፖስታውን አገላብጣ አየችና እንደልማዷ በመቅደድ ፈንታ መስኮቱ ላይ፣ ብርጭቆ ላይ አስደግፋ አቆመችው።

"አላነብልሽም?" አልኳት።

"ቆይ፣ ይቆይ።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ቅዳሜ" አለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። "ቅዳሜ አንድ ነገር አሳይሻለሁ።"

ማክሰኞም ደብዳቤው እዚያው ቆሞ ነበር። ቦርሳዋን ይዛ፣ ያን መሐረብ ከቦርሳው ጠርዝ ብቅ እንዳለ ይዛ ወጣች። ያኔ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ቅዳሜ ሚጢን ልታመጣት ነው። የአጎቴን ደብዳቤ፣ የእኔን ደብዳቤ፣ በዚያች የዶሮ ልጅ ልታስነብብ ነው። "እይ፣ እህትሽ እንዴት እንደምታነብ እይ" ልትለኝ ነው። ልጄ ጎበዝ ናት።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ሳጥኑን ከፈትኩ። መሐረቡን ፈታሁ። አዲስ ገጽ ተሞልቶ ነበር፤ ያነክሱ የነበሩት "በ"ዎች በጥቂቱ ቀጥ ማለት ጀምረዋል። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። አስተማሪያችን የታረሙ ደብተሮች እንዳድልላት ስትሰጠኝ መካከላቸው አግኝቼ የደበቅኋትን ቀይ እርሳስ አወጣሁ። ሁሉንም ፊደል ኤክስ አደረግኋቸው። ገጹ ሥር ትልቅ ዜሮ ከበብኩ። ከዚያ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና፣ በዚያን ዕድሜዬ ጽፌ በማላውቀው ባማረ ጽሕፈት፣ እያንዳንዱን ፊደል እያሾልኩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እጅሽ የዶሮ እግር ነው። መቼም መጻፍ አትችይም።"

አጣጥፌ መለስኩት። ያን ማታ እራቴን አጣጥሜ በላሁ።

ሐሙስ እናቴ አላመሸችም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትመለከታቸው ጀመር። ያማት መሰለኝ።

"ሥራ አልበዛም?" አልኳት።

"አይ፤ ከእንግዲህ አይበዛም" አለች። ተነሥታ ደብዳቤውን ከመስኮቱ አንሥታ ቀደደችና ሰጠችኝ። "አንብቢልኝ። የእንፋሎቱ ነገር ዓይኔን አድክሞታል።"

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ጎረቤት እስኪሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። አጎቴ ስለ ጤናው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለሚሠራት ቤት ጣሪያ ጽፏል። እናቴ ፊቴን አላየችም፤ ወረቀቱን የያዘውን እጄን ነበር የምታየው። እኔ ግን አሸንፌአለሁ። ቦታዬ ተመልሶልኛል። በማግስቱ ሚጢ በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ ስትሮጥ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ከሳምንት በኋላ ቁልፍ ሰፊዋ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"ምን ነካሽ? ለኃላፊነቱ ፈተና ሁላችን ቆመን ስንጠብቅሽ! ኃላፊዋ ስምሽን ሁለት ጊዜ ጠራች።"

"ይቅርብኝ አልኩ" አለች እናቴ።

"እንዴት ይቅርብኝ ይባላል? የልብሱን ዝርዝር መመዝገብ ነው፤ 'ቁልፍ የጎደለው፣ እድፍ ያለበት' ብሎ መጻፍ ነው። ባለፈው ሳምንት እኔ ፊት ጽፈሽ አሳይተሽኝ የለም?"

"እጄ አልሆነልኝም።"

ቁልፍ ሰፊዋ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጡረታ በምትወጣው ኃላፊ ምትክ የልብስ ንጽሕና ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው እሷው ቁልፍ ሰፊዋ ናት። እናቴ እጇን ካውያ ያቃጠላት መስሎኝ ማታ ደጋግሜ ባየው አዲስ ቁስል አላገኘሁም።

የተነገረኝ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ጋሼ ብሩሽ የትምህርት ቤታችንን በር ሰሌዳ ሊያድሱ መጥተው መሰላል ላይ ቆመው ነበር። የቀለሙን ቆርቆሮ አቀበልኳቸው።

"እናትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እኔ ብዙ ሰው ጽሕፈት አስተምሬአለሁ" አሉ፤ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው። "እንደ እሷ የታገለ አላየሁም። ከ'ሀ' ጀምራ በሰባት ወር! ልትጨርስ ስትል ለምን እንደተወችው እስከ ዛሬ አልገባኝም። 'ለልጄ ደብዳቤ አነብላታለሁ፤ ሳላውቅ እንደኖርኩ ያኔ እነግራታለሁ' ብላኝ ነበር። ነገረችሽ አይደል?"

ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። "አዎ፣ ነገረችኝ" አልኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ሁሉንም ልናገር አስቤ ነበር የሮጥኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን "ጽሕፈት ላስተምርሽ?" የሚል ነው። ቢላዋው ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ለዚህ ቤት ያንቺ ጽሕፈት ይበቃል" አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ድፍረቴ እዚያው ሟሸሸ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ዓመት ዝም ያሉት ነገር ሁለተኛው ዓመት ላይ ይከብዳል፤ አሥረኛው ላይ ጭራሽ አይነሣም። እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ቆማ ተኮሰች። ቁልፍ ሰፊዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትመዘግብ እሷ ቆማ ተኮሰች። ጡረታ ስትወጣ ጉልበቶቿ አብረዋት አልወጡም።

የነገርኳት አምና ነው። አሁን እኔ ጋ ነው የምትኖረው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። አንድ ልጅ እርሳሱን ተጭኖ ተጭኖ ወረቀቱን ቀዶታል። ማረሚያዬን አስቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ያን ደብተር ታስታውሺዋለሽ?"

የቱን ደብተር አላለችም። እግሯን ማሻሸት አቆመች።

"ቀይ እርሳሱ እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ስንት ዓመት ጣቴን ያስኬድኩበትን እጅ ላጣው ነው? ማንበብ ሳልችልም ያንቺን ጽሕፈት ከመቶ መካከል እለየው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?"

"ምን ብዬ ልቆጣሽ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳታለልሽ ኖሬ። ደርሰሽብኝ፣ አፍረሽብኝ የጻፍሽው ነው ያልኩት።"

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ እሷን ባለማወቄ ስጸጸት፣ እሷ ደግሞ አውቃ ናቀችኝ ብላ ስትኖር።

"አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም" አልኳት። "የሚጢ መስሎኝ ነው። ከእኔ ይልቅ እሷን የምትወጂ መስሎኝ። ቀንቼ ነው እማዬ።"

"በሚጢ?"

"ያን ደብተር በጻፈችው ልጅ።"

ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ያ ሳቅ፣ ከቆርቆሮው መዝጊያ ሥር የሰማሁት፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ወጣ። "በእኔ ነዋ የቀናሽው!" አለች። "በእኔ በራሴ!" እስክታለቅስ ሳቀች። ወይም አለቀሰች፤ አልለየሁትም። ፊቷን በፎጣው ጠራረገች።

"መጀመሪያ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች።

"መቼ?"

"ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ትንሽ ልለማመድ ብዬ ከፈትኩት። ቀዩን አየሁ። 'እጅሽ' አልኩ። 'የዶሮ' አልኩ። 'እግር' አልኩ። ጋሼ ብሩሽ የለ፣ ሚጢ የለች፣ ብቻዬን፣ አንድም ቦታ ሳልቆም እስከ ነጥቡ ድረስ ሄድኩ። ሰው የጻፈውን፣ ያውም ልጄ የጻፈችውን አነበብኩ ብዬ፣ ለቁልፍ ሰፊዋ ልነግራት ወደ እሷ ዞርኩ።" እርጥብ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሣችና መልሳ አስቀመጠች። "ምን እንደሚል የገባኝ ከዞርኩ በኋላ ነው።"

ውሃው ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ ሙቅ ውሃ ላመጣላት ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

"ተይው፣ ቁጭ በይ" አለችኝ።